ውርጭ ሳይለቅ የተቀዳው እምቢልታ

በዚያ ሰሞን ከአንዲት ባለ መስመር ደብተሬ በላይ የማምነው ነገር አልነበረኝም። የምታጋልጠኝም እሷው መሆኗን ያወቅሁት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ ነው። ነገሩ ከአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ በማግሥቱ ጠዋት አለቀ፤ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አይሞላም። እኔን ግን ከሥር ነቅሎ ሌላ ቦታ ተከለኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚያው መንዝ የሞላሌ ልጅ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም በማታ ትምህርት፣ ባሌን ፈትቼ፣ ሰው ቤት እየሠራሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት አይሞላትም ነበር፤ “ሀ”ን ሳጣምም እጄን ይዛ ታቃናልኝ ነበር። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሁለት ነገር ይለምዳል፤ ዝም ማለትና ደጋግሞ ማረም። ሠላሳን ከተሻገርኩ በኋላ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተማርኩ። መድረክ ላይ የሚያወጣ ድፍረት ስላልነበረኝ ኖታ ጸሐፊ ሆንኩ። አንድ አቀናባሪ ለሃምሳ ሰው ሙዚቃ ሲደርስ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ወረቀት ለይቶ የሚያወጣለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ቫዮሊን ተጫዋቿ ገጽ የምትገልጥበት ቦታ ላይ እጇ ሥራ እንዳይበዛበት የማስብላት እኔ ነኝ። ስሜን ማንም አያውቀውም፤ ይህም ተስማምቶኝ ነበር።

ኤርሚያስ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው። ጃዝንና ሲምፎኒ ኦርኬስትራን በአንድ አልበም ሊያዋህድ ሲነሣ ኖታውን እንድጽፍ ጠራኝ። መጀመሪያ ቀን ያለኝን አልረሳውም።

“ጥሩወርቅ፣ ይህን ሥራ ብዙ ሰው ሞክሮታል። ጃዙን ከፊት ያስቀምጡና ቫዮሊኖቹን ከኋላ እንደ መጋረጃ ይሰቅሏቸዋል። እኔ መጋረጃ አልፈልግም። እንዲጣሉልኝ፣ እንዲታረቁልኝ ነው የምፈልገው።”

እንዳለውም አደረገው። ሳክስፎኑ እንዳሻው ሲፈስ ቼሎዎቹ “ወዴት ነው?” ብለው ይይዙታል፤ ድራሙ ሲያዘገይ ኦርኬስትራው ቀድሞት ይሄድና መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። የአልበሙ ዋና ሥራ መሐል ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። ሁለቱም ወገን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠብቀው፣ መጥቶም የሚያስታርቃቸው ሦስተኛ ነገር ፈለገ። “እምቢልታ” ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለት የለመድኩት እኔ፣ ያን ቀን አፌን ምን እንደከፈተው አላውቅም።

እምቢልታ ረጅም የቀርከሃ ዋሽንት ነው፤ ለጣት የሚሆን ቀዳዳ ግን የለውም። አንዱ ሰው የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ዜማ ያደርጉታል፤ አንዱ ከቀረ ዜማው የለም። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ገብስና በግ ይዘው የሚኖሩ፣ ከአባታቸው የወረሱትን እምቢልታ የሚነፉ ሦስት ወንድማማቾች አውቅ ነበር። ትልቁ አያ ደምሴ ሰባን ያለፉ ናቸው። መካከለኛው አያ ሽፈራው ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። ትንሹ አያ ተክሌ ሥልሳ ሞልቷቸው እንኳ “ልጁ” ነው የሚባሉት፤ ቀልዱ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው።

ችግሩ እምቢልታ አይቃኝም። ቀርከሃው እንደተቆረጠ ነው፤ ድምፁን ላውጣ ላውርድ አይባልም። ስለዚህ ኦርኬስትራው ነው ወደነሱ መምጣት ያለበት። ኅዳር ላይ ብቻዬን ሄጄ፣ ወደ አውድማ ሳይወርዱ ማለዳ ደጃቸው ላይ አስነፋኋቸው። በስልኬ የቅኝት መለኪያ እያንዳንዱን እምቢልታ አምስት አምስት ጊዜ ለክቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከፒያኖ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ በሁለት ጎረቤት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት ሦስት ቦታ ብትከፍሉት አንዱን እጅ ያህል።

ኤርሚያስ ልኬን አመነ። ሃምሳው ሰው ሁሉ በዚያ ልክ ዝቅ ብሎ እንዲቃኝ አደረገ። ፒያኖ ቃኚው ሽማግሌ “ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ላይ ስስብ ኖሬ ዛሬ ወደ ታች ልፍታ?” እያሉ ፈቱት። ቫዮሊኖቹ አጉረመረሙ። ጃዙም ኦርኬስትራውም በዚያው ቅኝት ተቀዳ፤ አለቀ። የቀረው እምቢልታው ብቻ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሳምንት፣ ሦስት ሆነን መሐል ሜዳ ወጣን። ኤርሚያስ፣ እኔ፣ የድምፅ ባለሙያው ብሩክ። የተፈቀደልንን አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳውን በተዋስነው ባና፣ በወፍራሙ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሸፈንነው። በግ በግ የሚሸት ስቱዲዮ ሆነ። ብሩክ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከመኪናው እንደወረደ ጥርሱ መንቀጭቀጭ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዞ መጥቶ ነበርና ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ለኩሶት ዋለ።

ወንድማማቾቹ ስምንት ሰዓት ላይ እምቢልታቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ።

“ግቡ አባቶቼ፣ ግቡ! ቤቱን አሙቀንላችኋል” አለ ብሩክ።

አያ ተክሌ ማሞቂያውን ዞረው አዩት። “ይሄ ደግሞ ጭስ የሌለው ምን ምድጃ ነው? አንተ ልጅ፣ ሳይጨስ የሚሞቅ ነገር ደግ አይደለም።”

ተሳሳቅን። ብሩክ ማሞቂያውን ለቀረጻው አጠፋውና የጆሮ ማዳመጫ ሊያጠልቅላቸው ሲል አያ ደምሴ እጁን ያዙት።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ኦርኬስትራውን እንዲሰሙበት ነው፣ አባቴ።”

“ጆሮዬን ከደፈንከው ወንድሞቼን በምን ልሰማቸው ነው? የኔ ድምፅ እኮ የሚያልቀው የሱ ሲጀምር ነው። ተወኝ ልጄ።”

እንግዲያው ብቻቸውን ይንፉና ከኦርኬስትራው ጋር በኋላ እናጋጥመዋለን ተባለ። ነፉ። ውይ! ያ ክፍል ተነሥቶ የሚሄድ መሰለኝ። አንዱ ጥሎ ሌላው ያነሣዋል፤ ዓይኔን ብጨፍን ሦስት ሰው ሳይሆን ሦስት ሳንባ ያለው አንድ ሰው ነው። ኤርሚያስ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ሰማቸው።

ከዚያ ብሩክ ቀድሞ የተቀዳውን ኦርኬስትራ ከሥር አስገባ።

እንዴት ልንገራችሁ? ቆሎ ስትበሉ ጠጠር ጥርሳችሁ ላይ ሲያርፍ እንዳለው ስሜት። ቼሎዎቹ አንድ ቦታ፣ እምቢልታው ሌላ ቦታ። ሊራራቁ እንኳ አልቻሉም፤ ትከሻ ለትከሻ ተፋጭተው ይንጫጫሉ። ብሩክ የእምቢልታውን ድምፅ በኮምፒውተሩ ዝቅ ሊያደርገው ሞከረ። የሦስቱ እምቢልታዎች ድምፅ በየጊዜው በተለያየ መጠን ከፍ እያለ ስለሄደ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል፤ ትንፋሻቸውም ውሃ ውስጥ የገባ መሰለ።

“እትዬ ጥሩ፣ ሽማግሌዎቹ ከቅኝት ወጥተዋል” አለኝ ብሩክ በሹክሹክታ። የክፍሉ ጸጥታ ግን ሹክሹክታ የሚደብቅ አልነበረም።

ኤርሚያስ ቀረጻውን አስቆመ። “ኦርኬስትራውን ዳግመኛ መጥራት አልችልም። የነሱን ቦታ ለሆርኖቹ፣ ለነሐስ መለከቶቹ፣ እንሰጠዋለን። ሰኞ ሁለት ልጆች መጥተው ይነፉታል፤ አለቀ።”

“እኛ ነን ያበላሸነው?” አሉ አያ ደምሴ።

“አይ አባቴ፣ እናንተማ ጥሩ ነፍታችኋል። መሣሪያው ነው።”

“መሣሪያውማ እኛው ነን” አሉ።

ሦስቱም እምቢልታቸውን መጠቅለል ጀመሩ። የአያ ሽፈራው እጅ ጋቢውን ሲያጥፍ ሲዘረጋ፣ ሲያጥፍ ሲዘረጋ አየሁ። እነዚህን ሰዎች ከቤታቸው የጠራሁ እኔ ነኝ። አሁን በሰፈራቸው “አዲስ አበቤዎች አይሆኑም ብለው መለሷቸው” ሊባል ነው።

ደብተሬን ገለጥኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የገለጥኩት ራሴን ነጻ ለማውጣት ነበር፤ ልኬ ልክ እንደነበር በዓይኔ አይቼ ልጽናና። ቁጥሮቹ ተደርድረዋል። ከላያቸው፣ እንደ ልማዴ፣ የለካሁበትን ሁኔታ ጽፌያለሁ፦ “ከጠዋቱ 12፡30። ሣሩ ላይ ውርጭ። እጄ ስለደነዘዘ ጽሕፈቴ ተንጋዷል።”

ያነበብኩትን ደግሜ አነበብኩ።

የማታ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማሩን ሰው አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን አስታወስኩ፤ ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል። በእምቢልታው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፁ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። እኔ በውርጭ ለካሁ፤ እኛ አሙቀን ቀዳን! አምስት ጊዜ የለካሁት አምስቱንም በአንድ ብርድ ነው።

ይህን ሳውቅ ምን እንዳሰብኩ ልደብቃችሁ አልፈልግም። “ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም” ብዬ አሰብኩ። ደብተሬን የሚያነብ የለም። ጥፋቱ በሽማግሌዎቹ ላይ አርፏል፤ እኔ ደግሞ “ዘግይታ ተምራ እኮ ነው” መባልን እንደ እሳት የምፈራ ሰው ነኝ።

ወንድማማቾቹ ግቢውን ሊያልፉ ሲሉ ሮጥኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሮጬ አላውቅም።

“አያ ደምሴ! አንድ ጊዜ ይንፉልኝ። አንድ ትንፋሽ ብቻ።”

“በቃችሁ ተብለን የለ?”

“ስሞትልዎ!”

በቅሬታ አዩኝና ነፉ። የስልኬ መለኪያ ላይ ያለው መርፌ ከልኬ በላይ ቆመ። እምቢልታውን ከእጃቸው ወሰድኩና ጥላ ያረፈበት የድንጋይ አጥር ላይ አጋደምኩት። የመንዝ የከሰዓት ነፋስ መንፈስ ጀምሯል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኔም ነጠላዬን አጥብቄ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ስንተያይ ቆየን። አያ ተክሌ “ትንሣኤውን ነው የምንጠብቀው?” አሉ።

“አሁን ይንፉ።”

መርፌው ወረደ። ሁሉንም መንገድ አልወረደም፤ ግን ወረደ! ጮህኩ መሰለኝ፤ አያ ሽፈራው ደንግጠው አማተቡ።

ሦስቱንም ይዤ ተመለስኩ። ኤርሚያስ ሽቦ ይጠቀልላል።

“ስህተቱ የነሱ አይደለም” አልኩ። “የኔ ነው። በውርጭ ነው የለካሁት።”

ሽቦውን ይዞ ቀና አለ። “ምን?”

ሁሉንም ነገርኩት። ደብተሬን አሳየሁት።

“ጥሩወርቅ፣ ፒያኖዬን አስፈትተሽኛል።”

“አዎ።”

“ሃምሳ ሰው ዝቅ አስደርገሽኛል።”

“አዎ።”

“በውርጭ ለክተሽ!”

“በውርጭ ለክቼ።”

ከበሩ ላይ የአያ ተክሌ ድምፅ መጣ፦ “ቆይ እስቲ፤ የጎደላችሁ ውርጭ ነው? ውርጭማ ስንት ጭነት ትፈልጋላችሁ?”

ብሩክ ፈንድቶ ሳቀ። ኤርሚያስም ሊቆጣ በከፈተው አፉ ሳቀ። “ነገ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ!” አለ።

እምቢልታዎቹ ውጭ አደሩ። በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በርና መስኮቱን በሙሉ ከፈትነው። ማሞቂያውን አያ ተክሌ ራሳቸው ወደ መኪናው ተሸክመው ወሰዱት፤ “ይሄን ሰይጣን አርቁት” እያሉ። ሜዳው ነጭ ነው። ብሩክ ከግድግዳው አንዱን ባና አውርዶ ለብሶት ኮምፒውተሩ ላይ ተጎለተ።

ሽማግሌዎቹ የጆሮ ማዳመጫ አልፈልግም ብለዋል፤ ኦርኬስትራው መቼ እንደሚደርስ ግን አንድ ሰው መንገር አለበት። ኤርሚያስ ኮምፒውተሩ ዘንድ ያስፈልጋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እያንዳንዷን ኖታ በእጄ ጽፌያታለሁና ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም።

“እኔ ሰው ፊት መቆም አልችልም” አልኩ።

“ሰው ፊት አይደለም፣ እኛው ነን” አሉ አያ ደምሴ። “ነይ ቁሚ።”

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሃምሳ ሰው ራሴ ውስጥ መጫወት ጀመረ። ሳክስፎኑ ወረደ፣ ቼሎዎቹ ያዙት፣ ባዶው ቦታ ሲደርስ እጄን አወረድኩ። ሽማግሌዎቹ ዘገዩ። ብሩክ አቆመው።

“እጅሽን ተዪው” አሉኝ አያ ደምሴ። “እጅ ይዘገያል። በትከሻሽ ንገሪን።”

ትከሻዬን! ከሠርጌ ወዲህ ያልነቃነቅሁትን ትከሻ።

ሁለተኛው ቀረጻ ተጀመረ። ባዶው ቦታ ሲቃረብ ትከሻዬ ኦርኬስትራውን ተቀበለ፣ አወዛወዘው፣ ጣለላቸው። ገቡ! ልክ በቦታው! መርፌውን አየሁ፤ ልክ በልኬ ላይ። ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ትንፋሻቸው ቀርከሃውን አሞቀውና ማለቂያው ላይ ያ ጠጠር ተመልሶ መጣ።

“ሞቀባችሁ” አልኩ። በመስኮቱ ስመለከት የምሥራቁ ተራራ ጫፍ ወርቅ ሆኗል።

“ውሃ እናጠጣው” አሉ አያ ሽፈራው። በሁለት ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። “ቀርከሃው እንዳይሰነጠቅ ድሮም ውሃ እናጠጣዋለን።”

ከውጭ ያደረው ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። በጡጫቸው ሰበሩትና እምቢልታዎቹን አንድ በአንድ ነከሩ። አራግፈው ሲመለሱ የፀሐይዋ ጨረር የግቢውን አጥር ይዞ ወደ እኛ ይሳባል። ብሩክ “አንድ ዕድል ነው ያለን፣ እትዬ ጥሩ! አንድ!” አለ።

ሦስተኛው ቀረጻ። ሳክስፎኑ ወረደ። ቼሎዎቹ ያዙት። ተጣሉ። ዝቅ አሉ፤ ጠበቁ። ትከሻዬ ሄደ፤ እኔ አላዘዝኩትም። አያ ደምሴ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ ነፉ፣ አያ ሽፈራው ተቀበሉ፣ አያ ተክሌ ዘጉት። አንዱን ጆሮዬን ከማዳመጫው አወጣሁ። በአንዱ ጆሮዬ ኦርኬስትራው፣ በሌላው እምቢልታው፤ መሐላቸው ፀጉር የምታክል ክፍተት አጣሁ! የትኛው የአዲስ አበባ፣ የትኛው የመንዝ ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የትንፋሻቸው ጉም በየተራ ይወጣል፤ ዜማውን በዓይኔም አየሁት። የመጨረሻው ድምፅ ሲያልቅ ፀሐይ የበሩን ደፍ ረግጣ ገባች።

ብሩክ ባናውን እንደለበሰ ቆሞ ነበር። “ገባ” አለ። “እናቴ ትሙት፣ ገባ!” ኤርሚያስ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሦስቱንም ትከሻቸውን ሳመ። ትናንት ለተናገረው ይቅርታ ጠየቀ። አያ ደምሴ “ለኛማ ብርዱ መሰከረልን” አሉት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ጠዋት በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ትክክለኛ የመሆን ፍላጎቴ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብሶበታል። አሁን ልክ ሲሰጠኝ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እስትንፋስ ብዬ እጠይቃለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስህተት ከተገኘብኝ የተማርኩት ሁሉ የሚወሰድብኝ ይመስለኝ ነበር። ወደዚያ ክፍል ስመለስ ይዤው የገባሁት ስህተቴን ነበር፤ የወጣሁት ግን ለሦስት ሽማግሌዎች ምት ሰጥቼ፣ ከሃምሳ ሰው ጋር አስታርቄያቸው ነው። ዛሬ የምጽፈውን ሙዚቃ ራሴ ቆሜ አስጫውታለሁ። ተጫዋቾቼ በትከሻዬ ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ። ዘግይታችሁ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ጥፋታችሁን በሌላ ሰው ላይ ተጋድሞ ስታዩት ሮጣችሁ አንሡት። ከባድ ነው፤ ሌላው ሰው ተሸክሞት ሲሄድ ከማየት ግን ይቀላል።

አልበሙ ካለቀ በኋላ አንዱን ቅጂ ይዤ ወደ መንዝ ወጣሁ። የአያ ደምሴ ደጃፍ ላይ፣ ሦስቱም በተገኙበት፣ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ ከፈትኩላቸው። ሲያልቅ አያ ደምሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

“እነዚህ ከኛ ጋር የሚጫወቱት ስንት ናቸው?”

“ሃምሳ ሰው።”

“አይተናቸው እናውቃለን?”

“አያውቋቸውም። አዲስ አበባ ናቸው።”

“ታዲያ ሳያዩን፣ እህላችንን ሳይቀምሱ፣ እንዴት እንዲህ አወቁን?”

ድሮ ቢሆን መሬት መሬቱን አይ ነበር።

“እኔ ነግሬያቸው ነው” አልኳቸው።